ዝናብ የሚገባው በስፌት በኩል ነው

ሰኔ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በመርካቶ ከአንድ የልብስ ሱቅ ደጃፍ ቆመን ነበር። ዝናቡ ገና ካፊያ ነበር፤ ነገር ግን ሰማዩ በእንጦጦ በኩል ጠቍሮ ስለ ነበር ባለሱቁ የዝናብ ጃኬቶቹን ሁሉ ከውስጥ አውጥቶ በደጃፉ ላይ ሰቅሎአቸዋል። በዚህ ጊዜ አንድ ወጣት መጣ። በአንገቱ መታወቂያ አንጠልጥሎ፥ በብብቱ የወረቀት ማኅደር ይዞ ስለ ነበር የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ መሆኑ ያስታውቃል። ከተሰቀሉት መካከል ሰማያዊውን አነሣና «ይኼ ውሃ ያስገባል እንዴ፥ ጋሼ?» ሲል ጠየቀ። ባለሱቁም «ኧረ በጭራሽ ወንድሜ! ይኸው ተጽፎበት የለም እንዴ?» ብሎ ከአንገትጌው ሥር የተሰፋችውን ቁራጭ ጨርቅ አሳየው። ወጣቱ አነበበ፤ በዋጋው ጥቂት ተከራከረ፤ ከዚያም ከፍሎ እዚያው ለብሶት ሄደ።

እርሱ ከሄደ በኋላ ከዚያው ዓይነት የቀሩትን ጃኬቶች ቀረብ ብለን ተመለከትን። በቁራጯ ጨርቅ ላይ የተጻፈው «ዋተር ሬዚስታንት» የሚል ነው። ይህም ውሃን ለጥቂት ጊዜ ይቋቋማል ማለት እንጂ ውሃ አያስገባም ማለት አይደለም። ውሃ አያስገባም ለማለት የሚጻፈው ሌላ ቃል ነው፤ እርሱም «ዋተርፕሩፍ» ይባላል። ሁለቱ ቃላት ሲነበቡ ይቀራረባሉ፤ በሐምሌ ዶፍ ውስጥ ግን ልዩነታቸው የደረቀ ሸሚዝና የራሰ ሸሚዝ ያህል ነው። ከዚህም በላይ ጃኬቱን ገልብጠን ውስጡን ስናይ በትከሻው ላይ ያለው ስፌት ምንም ዓይነት መሸፈኛ ያልተደረገበት ስለ ነበር የመርፌው ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይቈጠሩ ነበር። ያ ወጣት ገንዘቡን ከፍሎ የሄደው በወንፊት ላይ ነው።

ይህን ነገር አቅልለን ልናየው አይገባንም። በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይዘንባል፤ ከዚህም ውስጥ ወደ ግማሽ የሚጠጋው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ነው። ተማሪው ከመኝታ ቤቱ ወደ መማሪያ ክፍሉ፥ አዲስ የተቀጠረው ሠራተኛ ከታክሲ ሰልፉ ወደ ቢሮው የሚሄደው በዚሁ ዝናብ ውስጥ ነው። ለገጠር ሥራ የተመደበው የግብርና ወይም የጤና ባለሙያ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከዝናብና ከጭቃ ጋር ይውላል። የአብዛኞቹ ደመወዝ ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ለመግዛት አይበቃም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ዝናብ ልብስና ስለ ቦት ጫማ አመራረጥ ያየነውንና የደረሰብንን ልንጽፍ ወደድን።

እኛም ብንሆን በዚህ ነገር ተሞኝተን እናውቃለን። በ2009 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ለሥራ ወደ መንዝ ሄደን ነበር። ከመነሣታችን በፊት ከሰልባጅ ገበያ ባሕር ማዶ የተሠራ የተራራ ቦት ጫማ ገዛን። ቆዳው አልተላጠም፤ የሶሉ ጥርስ አልተበላም፤ ባለቤቱ ምናልባት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ያደረገው ይመስላል። በርካሽ አገኘነው ብለን በጣም ደስ አለን። ከመሐል ሜዳ ተነሥተን ወደ ጓሳ ሣር ምድር በሚወስደው መንገድ፥ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር እንደ ሄድን የግራው እግር ሶል ከተረከዙ ተላቅቆ እንደ ምላስ ይንጠለጠል ጀመር። ጥቂት ቆይቶም የቀኙ ተከተለው። ከቆዳውና ከሶሉ መካከል የነበረው ስፖንጅ መሰል ነገር እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈርፍሮ በጭቃው ውስጥ ቀረ።

በዚያ መንገድ በርኖስ የለበሱ አንድ ሽማግሌ አገኙን። እግራችንን ተመልክተው «ልጆቼ፥ በዚህ ጫማ ነው የመጣችሁት?» አሉን። «አዎን አባባ፥ አዲስ መስሎን ነበር» አልናቸው። እሳቸውም ምንም ሳይሉ በትከሻቸው ካንጠለጠሉት የጓሳ ገመድ ላይ ቆርጠው ሶሉን ከጫማው ጋር ጥፍር አድርገው አሠሩልን። የጓሳ ሣር በዚያ አገር ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚያገለግል መሆኑን በንባብ እናውቅ ነበር፤ ለአውሮፓ ጫማ ማሰሪያ መሆኑን ያወቅነው ግን ያን ዕለት ነው።

ከተመለስን በኋላ ጠይቀን እንደ ተረዳነው ጥፋቱ የጭቃው አልነበረም። የብዙዎቹ የተራራ ጫማዎች የመካከል ሶል የሚሠራው ፖሊዩሬቴን ከሚባል ነገር ነው። ይህም ቀላልና ለእግር የሚመች ሲሆን በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ እየበታተነው ይሄዳል። ጫማው ቢደረግም ባይደረግም ያረጃል፤ እንዲያውም በሣጥን ተዘግቶ የተቀመጠው ዘወትር ከሚደረገው ይልቅ ፈጥኖ ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ ከሰልባጅ የሚገዛ ሰው በላይኛው ቆዳ መብረቅ አይታለል። የሶሉን ጎን በአውራ ጣት ጥፍር ጠበቅ አድርጎ ይጫን፤ ጫማውንም ከጣቱ በኩል አጥብቆ ይጠፍ። ስንጥቅ ወይም ፍርፋሪ ከታየ፥ ወይም ሶሉ እንደ ሙጫ ከተጣበቀ፥ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተወው።

ስለ እኚያ ሽማግሌ በርኖስ ጥቂት እንጨምር። በበግ ጠጕር የተሠራው በርኖስ ዝናቡን ጨርሶ አይከለክልም፤ ነገር ግን የበግ ጠጕር በተፈጥሮው ቅባት ያለበት በመሆኑ ውሃው ቶሎ አይዘልቀውም፤ ከራሰም በኋላ ሙቀቱን በአብዛኛው ይዞ ይቆያል። ጥጥ ግን ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። ነጭ ጋቢ በደረቅ ምሽት የሚወደድ ልብስ ቢሆንም በዝናብ ሲርስ ውሃውን ጠጥቶ ይከብዳል፤ ከሰውነትም ላይ ተጣብቆ ሙቀትን ይወስዳል። ውሃ ሙቀትን ከሰውነት የሚወስደው ከአየር ይልቅ ሃያ አምስት ጊዜ ያህል ፈጥኖ ነው። በደጋ አገር በርዶና በረዶ ሳይወርድ፥ በተራ ዝናብና ነፋስ ብቻ፥ ሰው በብርድ ተንዘፍዝፎ አእምሮውን እስከ መሳት ሊደርስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለደጋ መስክ የተመደበ ወጣት ከዝናብ ጃኬቱ ሥር የሚለብሰው የጥጥ ሹራብ ሳይሆን የሱፍ ቢሆን ይሻለዋል። እረኞቻችንም ከሣር የሚታታውን ገሳ ከላይ ደርበው ዝናቡን እንደ ቤት ክዳን ቍልቍል ያንሸራትቱት የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ገሳ ከላይ ውሃውን ያወርዳል፥ ከታች ደግሞ ክፍት ስለ ሆነ አየር ያስገባል። ዛሬ በውድ ዋጋ የሚሸጠው ጃኬት የሚሞክረውም ይህንኑ ሥራ ነው።

ጨርቅን ውሃ እንዳያስገባ ማድረግ በአውሮፓ በፋብሪካ የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1823 ነው። በዚያ ዓመት ቻርልስ ማኪንቶሽ የተባለው የግላስጎው ኬሚስት በሁለት ጨርቆች መካከል የተሟሟ ጎማ ቀብቶ ለማጣበቅ የሚያስችለውን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። እንግሊዞች እስከ ዛሬ ድረስ የዝናብ ካፖርትን በእርሱ ስም ይጠሩታል። ይሁን እንጂ ያ የመጀመሪያው ካፖርት በብርድ ይደርቃል፥ በሙቀት ይጣበቃል፥ ሽታውም ለጎረቤት ይተርፋል ይባል ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን ሌላው ጕድለት ነው። ጨርቁ ራሱ ውሃ አያስገባም ነበር፤ ልብስ ሰፊዎቹ ግን እንደ ለመዱት በመርፌ ሲሰፉት ቀዳዳ በቀዳዳ ስላደረጉት ውሃው በስፌቱ በኩል ይገባ ነበር። በመርካቶ ያየነው ሰማያዊ ጃኬት ያለበት ጕድለት ይኸው የሁለት መቶ ዓመት ጕድለት ነው።

የጎማው መድረቅና መጣበቅ መድኃኒት ያገኘው በ1839 አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ጎማን ከድኝ ጋር አዋሕዶ ማሞቅን ባወቀ ጊዜ ነው። ከዚያም ሂራም ሃቺንሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1853 በፈረንሳይ አገር የጎማ ጫማ ፋብሪካ አቋቋመ፤ ዋና ገዢዎቹም በእንጨት ጫማ ጭቃ ይረግጡ የነበሩት የፈረንሳይ ገበሬዎች ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ በየጫማ ተራው የምናየው ረጅሙ የጎማ ቦት መጀመሪያውኑ ለእርሻ ሰው የታሰበ ነው እንጂ የከተማ ጌጥ አልነበረም።

አንድ ችግር ግን ገና አልተፈታም ነበር፤ ይኸውም የላብ ነገር ነው። ላስቲክ የለበሰ ሰው ዳገት ሲወጣ ሰውነቱ የሚያወጣው ላብ መውጫ ያጣና በልብሱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ሰው «ይኼ ጃኬት ያፈሳል» ብሎ የሚያማርረው በእውነቱ የገዛ ላቡ አርሶት ነው። በ1969 ሮበርት ጎር የተባለ አሜሪካዊ ድስት እንዳይጣበቅ የሚቀባውን የቴፍሎን ዘር የሆነ ዘንግ አሙቆ በድንገት ቢስበው ሳይበጠስ ተለጥጦ በጣም ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ነገር ሆነ። ቀዳዳዎቹ ለውሃ ጠብታ እጅግ ጠባብ ናቸው፤ በተን ለሆነው ላብ ግን ሰፊ ናቸው። «ጎርቴክስ» የተባለው ጨርቅ የተገኘው በዚህ ዓይነት ሲሆን ጨርቁ ለገበያ የቀረበው በ1976 ነው። ዛሬ ይህን የመሰሉ በሌላ ስም የሚጠሩ ብዙ ጨርቆች አሉ።

ሆኖም አንባቢያችን ይህ ጨርቅ ተአምር የሚሠራ አይምሰለው። ላቡ ወደ ውጭ የሚወጣው ውስጡ ሞቃትና እርጥብ፥ ውጭው ደግሞ ከእርሱ የደረቀ ሲሆን ነው። በሐምሌ ቀን ውጭውም እርጥብ ስለ ሆነ መተንፈሱ ይቀንሳል። ስለዚህ ከጨርቁ ስም ይልቅ በብብት ሥር የሚከፈት ዚፕ መኖሩን መመልከት ብዙ ጊዜ ይጠቅማል። ቀኑን በቢሮ ለሚውልና ከታክሲ ወርዶ አሥር ደቂቃ ብቻ ለሚሄድ ሰው ግን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ ስፌቱ የታሸገ ተራ ላስቲክ ቅብ ካፖርት ይበቃዋል። ለጨርቁ ስም ብሎ የወር ደመወዙን የሚከፍል የቢሮ ሰው ገንዘብ የተረፈው መሆን አለበት።

እንግዲህ ወደ ሱቁ ስንመለስ መጀመሪያ መደረግ ያለበት ጃኬቱን መገልበጥ ነው። በጥሩ የዝናብ ጃኬት ውስጥ በየስፌቱ ላይ ጣት የማይሞላ ስፋት ያለው ጥብጣብ በሙቀት ተለጥፎ ይታያል። ይህ ጥብጣብ የመርፌውን ቀዳዳ ይደፍናል። በትከሻና በቆብ ላይ ብቻ ተለጥፎ በጎንና በእጅጌ የቀረ ከሆነ ለከተማ ይበቃል፤ ለመስክ ግን አይበቃም። ጥብጣቡ ጨርሶ ከሌለ፥ ባለሱቁ ምንም ቢምል፥ ጃኬቱ የነፋስ መከላከያ ነው። ውስጡ በገበር የተሸፈነ ከሆነና ስፌቱ የማይታይ ከሆነ በኪሱ ወይም በታችኛው ጠርዝ በኩል ገበሩን ገለጥ አድርጎ ማየት ይቻላል፤ ባለሱቁ ይህን ቢከለክል ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም።

ከዚህ ቀጥሎ አፍን በጨርቁ ላይ ገጥሞ ጠንከር አድርጎ እፍ ማለት ነው። ትንፋሹ እንደ ልብ ካለፈ ውሃም ያልፋል። ሰው ቢስቅም ይሳቅ፤ እኛ በመርካቶ ስንሞክረው የሳቁብን የሱቅ ልጆች ወዲያው እነርሱም እፍ ሲሉ አይተናል። አሮጌ ጃኬት ሲሆን ደግሞ ውስጡን በሁለት ጣት ማሸት ያስፈልጋል። የሚላጥ፥ የሚያጣብቅ ወይም የሚከረፋ ከሆነ ሽፋኑ እንደዚያ እንደ መንዙ ጫማ ከውስጥ ፈርሶአል ማለት ነው፤ ይህን የሚመልሰው ጥገና የለም።

በአንዳንድ ጃኬት ላይ 5,000 ወይም 10,000 ወይም 20,000 የሚል ቍጥር ይጻፋል። ይህ ቍጥር ጨርቁ ውሃ ማሳለፍ ከመጀመሩ በፊት በላዩ ሊቆም የሚችለውን የውሃ ዓምድ ቁመት በሚሊ ሜትር የሚነግር ነው። 10,000 የተባለው የአሥር ሜትር የውሃ ዓምድ ይሸከማል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ክብደት ያለው ዝናብ ከሰማይ አይወርድም፤ ነገር ግን የቦርሳ ማንገቻ በትከሻ ላይ ሲጫን፥ ወይም ሰው በራሰ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ውሃው በኃይል ይገፋል። በከተማ ለሚሄድ ሰው 5,000 ይበቃዋል፤ ከባድ ቦርሳ ተሸክሞ ለሚሄድ 10,000 ቢሆን መልካም ነው። ከዚያ በላይ ላለው ቍጥር የሚከፈለው ገንዘብ ለቦት ጫማ ቢውል እንመርጣለን። ጃኬቱን ቤት ካደረሱ በኋላ መፈተን የሚሻ ሰው የጨርቁን አንድ ክፍል እንደ ጎድጓዳ ሳህን አድርጎ አንድ ብርጭቆ ውሃ ያፍስስበትና ሩብ ሰዓት ቆይቶ ከሥሩ በእጁ ይዳብስ።

ከጨርቁ ሌላ ውሃ የሚገባባቸው በሮች ጥቂት አይደሉም። የፊት ዚፑ በላዩ የሚከደን ጨርቅ ያስፈልገዋል። ቆቡ ጭንቅላት ወደ ጎን ሲዞር አብሮ ካልዞረ ሰውየው መንገድ ሲሻገር የሚያየው የቆቡን ገበር ብቻ ነው፤ ይህም በመኪና መንገድ ላይ ከመራስ የከፋ አደጋ ያመጣል። ስለዚህ በሱቁ ውስጥ ቆቡን አጥልቆ ግራና ቀኝ መመልከት ይገባል። የእጅጌው ጫፍ ካልተጠበቀ ጃንጥላ የያዘ ወይም የታክሲ ብረት የጨበጠ እጅ ውሃውን እስከ ክርን ድረስ እንደ ቦይ ያወርደዋል። የጃኬቱም ርዝመት መቀመጫን ካልሸፈነ ከጀርባ የወረደው ውሃ ሁሉ ሱሪ ላይ ያርፋል። ከሥሩ ወፍራም ሹራብ ማስገባት እንዲቻል አንድ ቍጥር ከፍ ያለውን መግዛት ይመከራል። ቀለሙን በሚመለከት፥ ጥቍርና ጥቍር ሰማያዊ ጭቃ እንዳይታይባቸው ይወደዳሉ፤ ነገር ግን በክረምት ምሽት በጨለማ መንገድ ዳር ለሚሄድ ሰው ሾፌር ከሩቅ የሚያየው ቢጫ ወይም ብርቱካን ቀለም ይሻላል። በሞተር ብስክሌት የሚሄዱትማ ያለ ዝናብ ሱሪ ጃኬት ብቻ ቢገዙ ግማሽ ሥራ ነው የሠሩት።

ስለ ጫማ ያለን አሳብ አጭር ነው፤ ገንዘብ ሲያንስ ከጃኬት በፊት ጫማ ይገዛ እንላለን። የራሰ ትከሻ ቤት ሲገባ ይደርቃል፤ ቀኑን ሙሉ የራሰ እግር ግን ይቈስላል። የጫማ ነገር በአገራችን ከምቾት አልፎ የጤና ጉዳይ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም። በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መበስበስ በተፈጠረው ቀይ የደጋ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት የሚሄዱ ሰዎች የሚይዛቸው የእግር ማበጥ ሕመም፥ ማለት ዝሆኔ የሚባለው አንዱ ዓይነት፥ በኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን እንዳጠቃ ይገመታል። ሕመሙ ከትንኝ ሳይሆን ከአፈሩ የሚመጣ መሆኑን እንግሊዛዊው ሐኪም ኤርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ ዓመታት በአገራችን ባደረገው ምርምር አሳይቶአል። መከላከያውም ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። በቦት ጫማው ጭቃ እየረገጠ ወደ ገጠር የሚወርድ ወጣት ባለሙያ ከፊቱ በባዶ እግራቸው የሚሄዱ ሕፃናትን ሲያይ ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

ለጭቃና ለጎርፍ የጎማ ቦት የሚተካከለው የለም። ነገር ግን ሁለት ዓይነት አለ። ከእውነተኛ ጎማ የተሠራው ይለመጣል፥ በድጥ ላይም ይቆነጥጣል፤ ከፕላስቲክ የተሠራው ርካሽ ነው፥ በብርድ ግን ይደርቅና በሚታጠፍበት በኩል ይሰነጠቃል። በእጅ ሲታጠፍ ነጭ መሥመር የሚያወጣ ቦት ሁለተኛ ክረምት የማየቱ ነገር ያጠራጥራል። በጎማ ቦት ረጅም መንገድ መሄድ ደግሞ አይመከርም፤ ላብ መውጫ የለውም፥ ተረከዝም በውስጡ እየተንሸራተተ ይላጣል። ስለዚህ በጎማ ቦት የሚሄድ ሰው ወፍራም የሱፍ ካልሲ ያድርግ፤ አንድ ትርፍ ካልሲም በላስቲክ ጠቅልሎ በቦርሳው ይያዝ።

ብዙ ለሚሄድ ሰው ቁርጭምጭሚትን የሚይዝ የቆዳ ቦት ይሻላል። እዚህ ላይ በመጀመሪያ የሚታየው ምላሱ ነው። የጫማው ምላስ በሁለቱም ጎን እስከ ላይ ድረስ ከቆዳው ጋር የተሰፋ ከሆነ ውሃ በማሠሪያው በኩል አይገባም፤ ከታች ብቻ የተሰፋ ከሆነ ግን አንድ ኵሬ ቢረግጡ በቂ ነው። የሶሉ ጥርስ ጥልቅና የተራራቀ ይሁን፤ የተጠጋጋ ጥርስ ጭቃውን ይዞ ስለማይለቅ ከጥቂት እርምጃ በኋላ እንደ ልሙጥ ሶል ይሆናል። ዛሬ በየተራራ ጫማው ሥር የምናየው ባለ ጥርስ የጎማ ሶል የተሠራው በሰው ሕይወት ዋጋ ነው። በ1935 ስድስት የኢጣሊያ ተራራ ወጪዎች በአልፕስ ተራራ ላይ በብርድ ሞቱ፤ ጫማቸው ለዚያ አየር የማይስማማ ነበር። ጓደኛቸው ቪታሌ ብራማኒ ከዚህ ሐዘን ተነሥቶ በ1937 «ቪብራም» የተባለውን ሶል አወጣ፤ ስሙም ከራሱ ስም የተወሰደ ነው።

ጫማ ሲለካ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ እግር ቀኑን ሲቆም ውሎ ያብጣልና። የሚለካውም በክረምት በሚደረገው ወፍራም ካልሲ ነው። ማሠሪያው ሳይታሰር እግር ወደ ፊት ሲገፋ ከተረከዝ በስተኋላ አንድ ጣት መግባት አለበት። ቍልቍለት ሲወረድ ጣቶቹ ከጫማው አፍንጫ ጋር የሚጋጩበት ጫማ በሱቅ ውስጥ ቢያምርም መንገድ ላይ ጠላት ነው።

አሁን ደግሞ ከተገዛ በኋላ ስላለው አያያዝ። ጃኬቱ አዲስ ሳለ ውሃው በላዩ ላይ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ይወርዳል። ይህን የሚያደርገው በጨርቁ ላይ የተቀባ መድኃኒት ነው፤ ቀስ በቀስም በአቧራና በቅባት ይዳከማል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች ጃኬቱ ሞተ ብለው ይጥሉታል። ነገር ግን በለስላሳ ሳሙና አጥቦ ብዙ ጊዜ ማለቅለቅና ከደረቀ በኋላ የልብሱ ምልክት ከፈቀደ በላዩ ጨርቅ አንጥፎ ዝቅ ባለ ሙቀት መተኰስ ዶቃውን ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። ማለስለሻ ግን በፍጹም አይጨመርበትም። በነገራችን ላይ ለዚህ ሥራ ለብዙ ዓመታት ያገለገሉት ፍሎሪን ያለባቸው መድኃኒቶች በአፈርና በውሃ ውስጥ ሳይጠፉ የሚቆዩ ሆነው ስለ ተገኙ ፋብሪካዎቹ እየተዉአቸው ነው፤ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛትም ከ2025 ጀምሮ እነዚህ መድኃኒቶች ያሉባቸውን አብዛኞቹን አዳዲስ ልብሶች መሸጥ የሚከለክል ሕግ ሥራ ላይ ውሎአል። አዲሶቹ መድኃኒቶች ለቅባት ስለሚሸነፉ ጃኬቱ ከቀድሞው ይልቅ ቶሎ ቶሎ መታጠብ ይፈልጋል።

የቆዳ ቦት የሚጠላው እሳትን ነው። ከዝናብ የገባ ሰው ጫማውን ከከሰል ምድጃ አጠገብ ሲያስቀምጥ እናያለን። ቆዳው ይጨማደዳል፥ ቅባቱ ይተናል፥ የሶሉም ማጣበቂያ ይለቃል፤ በማግሥቱ ጫማ ሰፊው ዘንድ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ጭቃው በራሰ ጨርቅ ይጠረግ፤ የውስጡ ገበር ይውጣ፤ ማሠሪያው ይፈታ፤ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ይቀመጥ። ከደረቀ በኋላ ሰም ያለበት ቅባት በስፌቱ ላይ በተለይ ይታሽ፤ ምክንያቱም በጫማም ቢሆን ውሃው የሚፈልገው የመርፌውን መንገድ ነው። ቶሎ እንዲደርቅ የሚሻ ሰው ጋዜጣ ጨምድዶ እስከ ጣቱ ድረስ ይጠቅጥቅበት፤ ወረቀቱ እርጥበቱን ይጠጣል። ይህን ገጽ አንብቦ የጨረሰ አንባቢያችን ለዚሁ ተግባር ቢያውለው ቅር አንሰኝም፤ አንዱ ቅጠል ለአንድ እግር ይበቃል፥ ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን አውጥቶ በደረቅ ይለውጠው።